በሰሙነ ሕማማት ያልተዋጡት ክኒኖች

የሺዬ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ። ብቻ ደህና ነሽ ብዬ ልመን። ያለ አንቺ ሁለተኛው ሆሳዕና ዛሬ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ዘንባባ እንደ ቀለበት ጣቴ ላይ አስሬ ነው የምጽፍልሽ። ብትኖሪ «ደግሞ አጣመምከው፣ ወዲህ በል» ብለሽ ፈትተሽ በደንብ ታስሪልኝ ነበር። አሁን እንደ ተጣመመ አለ።

ነገ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። ሰው ሁሉ የጌታን መከራ እያሰበ ይሰግዳል፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያንቺ መከራ ነው የሚመጣብኝ። ያን ሳምንት ያልዋጥሻቸው ክኒኖች ናቸው አንቺን ከእኔ የነጠሉሽ። ይህን ለሰው ስናገር ማንም አይገባውም። የሚገባሽ አንቺ ብቻ ነሽና ለአንቺው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ልጃችን ሜሮን ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ እኔ ተመልሳለች። ብቻህን እንዳትሆን ነው ትላለች፤ ለእኔ ግን ልትቆጣጠረኝ የመጣች ነው የሚመስለኝ፣ ምክንያቱም ከሥራ እንደ ገባች መጀመሪያ የምትከፍተው ፍሪጁን ነው። ታክሲዬን ሸጥኳት። ሰዉ ሁሉ በስልኩ መኪና እየጠራ እኔ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ማንቀላፋት ሰለቸኝ፤ ዳሌዬም እምቢ አለኝ። አሁን ዳውንታውን፣ መሐል ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ እንደ ቁም ሳጥን በጠበበች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ መኪና አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። አንቺ ትሠሪበት የነበረው የፌርፋክስ ጎዳናው ምግብ ቤት ቀለም ተቀብቷል። ወጡን የምትሠራው አዲስ ልጅ ናት። እጇ አይከፋም፣ ጨው ግን ታበዛለች። ለሚስትህ አድልተህ ነው ትይኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አድልቼ ነው።

ጓደኛሽ እትዬ ብርነሽ ላስ ቬጋስ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደው ቀርተዋል። ሲሄዱ ያንቺን ፎቶ ለምነው ወሰዱ፤ ያንን በነጭ ነጠላ የተነሳሽውን። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ በኩል ያስቀመጥሽው ተጣጣፊ ወንበርሽ፣ ያ ቡናማ ትራስ ያለው፣ እስካሁን በቦታው ነው። ማንም አይቀመጥበትም። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም፤ እኔ አላዘዝኩም።

ታውቂኛለሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ መኪና የነዳ ሰው ግጭት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥፋተኛው ማነው ብሎ ነው። ቀይ መብራት የጣሰው ማነው? ሳያይ የታጠፈው ማነው? ያንቺንም ነገር እንዲሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት መሰለሽ። የሚናደዱበት ሰው ማግኘት ራሱ አንድ ዕረፍት ነው። እኔ እሱንም አላገኘሁም።

ወገብሽን ያጠፋው ያ ትልቁ ብረት ድስት ነው። ምግብ ቤቱ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተስካር ትእዛዝ በተቀበለ ቁጥር ብቻሽን ታነሺው ነበር። ሰው ጥሪ ስልሽ «እስኪመጡ ያርርብኛል» ትይኛለሽ። በመጨረሻ አከርካሪሽ ተንሸራተተ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገልሽ፣ ብሎን ገባልሽ። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ልትጮሂ ነው እያልኩ ስቀልድብሽ መጀመሪያ ትስቂ ነበር፤ ሕመሙ አልሄድ ሲል ሳቁን ተውሽው፣ እኔም ቀልዱን ተውኩት። ቀዶ ጥገናውን ያደረገልሽ ሐኪም ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም ብሎ ቫን ናይስ ሰፈር ወዳለ የሕመም ክሊኒክ ላከሽ።

እዚያ ያዘዙልሽ ክኒን ሕመሙን አላጠፋልሽም፤ ግን አስቻለሽ። ጫማሽን ራስሽ ማሰር ጀመርሽ። ቆመሽ ሽንኩርት ከተፍሽ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒኮ ጎዳናን ይዘን እስከ መጨረሻው ስንነዳ፣ ባሕሩ ጋ ስንደርስ ጫማሽን አውልቀሽ አሸዋው ላይ ትቆሚ ነበር። ውሃው ግን እግርሽን እንዳይነካሽ እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ትሮጫለሽ። ትሮጫለሽ ስል ሦስት እርምጃ ነው። ለእኔ ግን ያ ብዙ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከእግዜር የለመንኩት ነገር አልነበረም።

የዚያን መድኃኒት ሕግ ታስታውሺዋለሽ። ክኒኑ ሱስ ያስይዛልና የስቴቱ መንግሥት ጥብቅ ነው። ከአንድ ሐኪም፣ ከአንድ ፋርማሲ ብቻ ነው የሚወሰደው። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት የስቴቱን ኮምፒውተር ከፍቶ ማን ምን እንደ ሰጠሽ ያያል። ክሊኒኩ በፈለገው ቀን ብልቃጥሽን ይዘሽ ነዪ ሊልሽ ይችላል፤ ክኒኑ ይቆጠራል፣ ሽንት ይመረመራል። ይህን ሁሉ ውል ብለው አስፈረሙሽ። ሰውን እንደ ሌባ ያያሉ ብዬ ስቆጣ «ሕግ ነው፣ ምን ያስቆጣሃል» አልሽኝ። አንቺ እኮ ፌርፋክስ ላይ አንድ መኪና በሌለበት፣ ነጩ የሰው ምልክት እስኪበራ ድረስ ቆመሽ የምትጠብቂ ሴት ነሽ። እኔ ታክሲዬ ውስጥ ሆኜ ጥሩምባ እየነፋሁ «ተሻገሪ እንጂ» ስልሽ፣ ጣትሽን ወደ ምልክቱ ቀስረሽ «ቆይ ሹፌሬ» ትይኝ ነበር። መድኃኒት ሸጠች የተባለችው እንግዲህ ይህች ሴት ናት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ደግሞ ምን ላድርገው ብዬ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ የጀመረው ክኒኑን ካልዋጥሽበት ሳምንት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዕለት ይመስለኛል። ሰዉ እንደየአቅሙ ሲሰግድ ዋለ፤ አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ዋልሽ። አመሻሽ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል የምእመኑን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ ስግደት ሲያዙ፣ አንቺም ተነስተሽ ተሰለፍሽ። ወገብሽን ያውቁታልና ቅጠሉን አስነክተውሽ ብቻ አለፉ። ስግደትም አላዘዙሽም። አዝነውልሽ ነው። አንቺ ግን መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈስሽም፤ ፒኮ ላይ ስንደርስ ብቻ «እንደ ዕቃ አለፉኝ» አልሽ። ባልተመታሽም ይከፋሻል እንዴ ብዬ ቀለድኩብሽ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ገና በሳምንቱ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ጀመርሽ። ላብ ያጠምቅሻል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይልሻል፣ አፍንጫሽ ይፈሳል፣ ሆድሽ ይበጠበጣል። ጉንፋን ነው አልኩሽ፤ አንቺም ጉንፋን ነው ብለሽ ተስማማሽልኝ። እቤት ዋዪ ብልሽ በጄ አላልሽም። ወንበርሽ ላይ ጥርስሽን ነክሰሽ ተቀምጠሽ ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ ታዳምጪ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰው ተሳስሞ ሰላም አይባባልምና ማንም ተጠግቶ ፊትሽ ምን ያህል እንደ ራሰ አላወቀም።

ለካ ክኒኑን ትተሽው ኖሯል። በኋላ እንደ ነገርሽኝ፣ ሰኞ ጠዋት ፍሬዋን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ፣ ሰው ሁሉ በጉልበቱ ሲሰግድ እኔ ምን አቀርባለሁ አልሽ። ስግደት የለሽም፤ ያለሽ ሕመም ብቻ ነው። እሱን ሳታስታግሺ እስከ ፋሲካ ልትሸከሚው፣ በስግደት ፈንታ ልትሰጪው ለራስሽ ቃል ገባሽ። ለእኔ አልነገርሽኝም። ለንስሐ አባትሽም አልነገርሻቸውም። እሳቸው ከቀብርሽ በኋላ እያለቀሱ፣ ብትጠይቀኝ እከለክላት ነበር፣ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይተው ያለ ማነው አሉኝ። አንቺ ግን ሰው ለፈጣሪው የሚያደርገውን አያወራም ተብለሽ ነው ያደግሽው። እኔስ ባውቅ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? በግድ አፍሽን ከፍቼ አላውጥሽም።

የወሩ መድኃኒት የመጨረሻ ሳምንት ስለነበር፣ ፋሲካ ሲውል ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት እነዚያው ያልተዋጡት ክኒኖች ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣቸዋል። አንቺ ግን በጾም የተረፈ ለድሃ ይሰጣል እንጂ ተመልሶ ለራስ አይሆንም አልሽ። ክኒን ደግሞ ለድሃ አይሰጥም። ቤት እንዳታስቀምጪው የእትዬ ብርነሽ ልጅ ትዝ ይልሻል። ያ ትሑት ልጅ ጓደኛው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተርፎ የተቀመጠ የዚህ ዓይነት ክኒን አግኝቶ፣ በዚያው ለምዶ እንዴት እንደ ሞተ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ በማግስቱ ከእትዬ ብርነሽ ጋር ተያይዛችሁ ፋርማሲው ሄዳችሁ፣ የተረፈ መድኃኒት በሚጣልበት የብረት ሳጥን ውስጥ ጨመራችሁት። የተረፈውን እዚያ ጣሉ የሚለው ሕጉ ራሱ ነው። አንቺ ደግሞ የታዘዝሽውን ትሠሪያለሽ። ሳጥኑ ደረሰኝ አይሰጥም።

የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት ለመቀበል ቀጠሮሽ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ነበር። ክሊኒኩ ሽንት ስጪ አለሽ። አንቺም ሳትፈሪ ሰጠሽ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አንዲት ፍሬ ያልወሰደች ሴት ምን ትፈራለች? ለእኛ እኮ ምርመራው ከታዘዘው በላይ የሚወስደውን ሰው ለመያዝ ይመስለን ነበር። መድኃኒቱ ሽንትሽ ውስጥ መገኘት እንዳለበት፣ ካልተገኘ ለሌላ ሰው ተሽጧል ማለት እንደ ሆነ አናውቅም ነበር። ምናልባት ውሉ ላይ ተጽፎ ይሆናል። እስከ ታች ወርዶ ያነበበው ግን የለም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አልነበረም። በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልን። ብልቃጡ ባዶ ነው፣ ሽንቷ ውስጥ ደግሞ ምንም የለም፣ ታዲያ መድኃኒቱ የት ሄደ? አለ። አልወሰድኩትም አልሽ። ለምን ሲልሽ ዝም። የት አለ ሲልሽ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት አልሽ። ይህን መልስ ከብዙ ሰው እንደ ሰማው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ሳምንቱ ምን ሳምንት እንደ ነበር ብልጭ ያለልኝ። በታክሲ እንግሊዝኛዬ ስለ ጾማችን ላስረዳው ስጀምር ክርኔን ቆነጠጥሽኝ። እንደ ምንም ጨረስኩት። ዶክተሩም ጾም የምግብ ነው፣ የታመመ ሰው ክኒን እንዳይውጥ የሚከለክል ሃይማኖት አላውቅም አለኝ። እውነቱን ነው። የኛም አይከለክልም።

ከዚያ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የማዝዘውን እያንዳንዱን ክኒን ስቴቱ ያያል፣ ይህን ውጤት ይዤ ባዝላት ፈቃዴን ይወስዱብኛል አለ። ይቅርታም ጠየቀ። መድኃኒቱን እንደማትወስጂው ሽንትሽ ስላሳየ፣ በአንዴ መቋረጡ አይጎዳሽም ተባለ። በዚሁ አሰናበተሽ። ወደ ቤት ስንመለስ ፍሪዌዩ በመኪና ተዘግቶ ሳለ ነው ሁሉንም የነገርሽኝ። እኔ መሪውን እየደበደብኩ ስጮህ አንቺ «እግዜር ያውቀዋል» አልሽ። እግዜር ያውቃል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም አልኩሽ።

ሜሮን በማግስቱ ለክሊኒኩ ደወለች። እትዬ ብርነሽ ስልኩን ከእጇ ነጥቀው «አይ ሲ! ዊዝ ማይ አይ! ሺ ስሮው ኢን ዘ ቦክስ!» ብለው፣ ሳጥን ውስጥ ስትጥለው በዓይኔ አይቻለሁ ለማለት ጮሁላቸው። ያኛው ወገን ስለ በሽተኛ ከሦስተኛ ሰው ጋር መነጋገር ሕጉ አይፈቅድልንም ብሎ ዘጋው። እኔ ፋርማሲው ሄጄ ሳጥኑን ክፈቱልኝ አልኩ። የተቆለፈ ነው፣ ሳይከፈት ተወስዶ ይቃጠላል አሉኝ። ሳጥኑ ፊት ቆሜ እንደ ሰው አፈጠጥኩበት። ሌሎች ክሊኒኮች ዘንድ ስንሄድ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት የበፊተኛው ለምን ተወሽ ብለው ነው። መልሱን ሲሰሙ አዲስ በሽተኛ አንቀበልም ይላሉ። ድምፃቸው ትሑት ነው። አንዱም አልተቆጣንም፤ ቢቆጡን በምን ዕድላችን።

አንቺን የበላሽ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። «አሁን ሸጠች ብለው ጻፉብኝ?» ትይኝ ነበር። ምግብ ቤት ሄደሽ ሰላም ማለት ተውሽ፤ ሰው የሰማ ይመስልሻል። ማንም አልሰማም ነበር። ጫማሽን እኔ ማሰር ጀመርኩ፤ ተንበርክኬ ሳስርልሽ ከላይ ሆነሽ «ያ ነገር ተሰረዘ?» ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ገና ነው እላለሁ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ።

ወገብሽ ግን ጊዜ አልሰጠንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ማስታገሻ ገዝተሽ መጣሽ። ከከረሜላው መደርደሪያ አጠገብ በትልቅ ብልቃጥ ተደርድሮ የሚሸጠውን። ያንን ክኒን የሚቆጥረው የለም፤ ኮምፒውተር አይከፈትለትም፣ ሽንት አይጠየቅለትም። ምግብ ዘግቶሽ ስለነበር በባዶ ሆድሽ፣ ጠዋትም ቀንም ማታም ትወስጂው ጀመር። ሆዴን ያቃጥለኛል ስትይ ወተት ጠጪ ብልሽ፣ ፍልሰታ ነው አልሽኝ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቅሽ። ጨጓራሽ ሲደማ የከረመ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ሆስፒታል ውስጥ ያንን የተከለከልሽውን ዓይነት መድኃኒት፣ ከሱም የጠነከረውን፣ በደም ሥርሽ ሰጡሽ። ነርሷ የሚያማት ከመሰለህ እንጨምርላት አለችኝ። እንደዚህ በቀላሉ። ያን ሁሉ ወር ምን ላይ ነበራችሁ ብዬ ልጮህባት ነበር፤ ፊትሽን ሳየው ግን ዘና ብሏል። ጠጉርሽን ስዳብስሽ አልተሸማቀቅሽም። ዓይንሽን ገለጥ አድርገሽ «ያ ነገር ተሰረዘ?» አልሽኝ። ተሰርዟል አልኩሽ። «ተመስገን» አልሽ። ከዚያ በኋላ የተናገርሽውን አልሰማሁትም፤ ቀስ ብለሽ ነበር።

ተሰርዟል ብዬሽ ነበርና፣ ከቀበርኩሽ በኋላ ላሰርዘው ተነሳሁ። ሜሮንን ይዤ ዳውንታውን ወደ ስቴቱ ቢሮ ሄድኩ። የኛ ኮምፒውተር የተሰጠውን መድኃኒት እንጂ የሰውን ጠባይ አይጽፍም፣ ሸጠች የሚል ካለ ክሊኒኩ ፋይል ውስጥ ነው አሉን። ክሊኒኩ ደግሞ ፋይሉ እንዲታረም መጠየቅ የምትችለው በሽተኛዋ ናት አለ። ሜሮን ስልኩን ይዛ «አባዬ፣ ማሚ ራሷ ሪክዌስት ማድረግ አለባት ነው የሚሉት» ስትለኝ፣ የቢሮው ኮሪደር ላይ ቆመን ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ አልቆም ብሎን ዘበኛው መጣ። በኋላ ወራሽ መሆናችንን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት አሟልተን ቫን ናይስ ብንሄድ ክሊኒኩ ተዘግቷል። በቦታው የውሻ ጠጉር የሚቆርጡ ሰዎች ገብተውበታል። ፋይሉ የት እንደ ሄደ የሚያውቅ አላገኘንም። አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ በመስኮቱ እያየችን ነበር።

እንግዲያው ሕጉን ልጥላው ብዬ ነበር። እሱንም እትዬ ብርነሽ ከለከሉኝ። ሊሰናበቱኝ የመጡ ዕለት፣ «ሕጉ ቀደም ብሎ ጥብቅ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ነበር። ሕጉን አልረግመውም። ለየሺ ግን እስክሞት አለቅሳለሁ» አሉኝ። ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ትክክል ናቸው። ዶክተሩም የታዘዘውን ነው ያደረገው። አንቺም ማንንም አልበደልሽም። ሁሉም በአረንጓዴ መብራት ነው ያለፈው፤ መሐል መንገድ ላይ የወደቅሽው ግን አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለ ግጭት አይቼ አላውቅም። ከማን ጋር እንደምጣላ ሳላውቅ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ሆኗል። የዳሌ አጥንቴ አልቆ ቀዶ ጥገና እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ድረስ ብለው ከፒኮ ብዙም የማይርቅ የሕመም ክሊኒክ ላኩኝ። ያንቺን የመሰለ ውል አስፈረሙኝ፤ በዚህ ጊዜ ሜሮን እያንዳንዷን መስመር አነበበችልኝ። ከዚያ ነርሷ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች፣ ከቤተሰብህ መሐል የሕመም መድኃኒት አላግባብ የተጠቀመ ወይም የሸጠ ሰው ነበር ወይ? አለችኝ። ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። አዎ ብል እኔንም ይጠረጥሩኛል፣ ዳሌዬን ይዤ እመለሳለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ስለ ዳሌዬ አልነበረም ያሰብኩት። አዎ ብል እኔም ጻፍኩብሽ ማለት ነው። «ኖ» አልኩ። «ኖባዲ።» ነርሷ ጻፈችውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያ ሁሉ ቢሮ ዞሬ ያላገኘሁት ነገር፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው ተጻፈልሽ። ያውም በእኔ ፋይል ላይ። ሜሮን መኪና ውስጥ እያለቀሰች «ኦኬ አባዬ፣ እውነትህን ነው እኮ፣ ኢትስ ትሩ» አለችኝ። እኔም እውነቴን ነው አልኳት።

ነገ እንግዲህ ሰሙነ ሕማማት ነው። እኔም ዘንድሮ መስገድ አልችልም፤ ወንበርሽ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንቺን እያሰብኩ ሕመሜን እንዳንቺ ባቀርበው ደስ ባለኝ። አልችልም። ክሊኒኩ ለሽንት ምርመራ በየትኛው ቀን እንደሚጠራኝ አይታወቅም፤ ስለዚህ በየሰዓቱ እውጣለሁ። ስቅለት ዕለት ሰዉ ሲሰግድ እኔ ከኋላ ሆኜ ክኒኔን ከኪሴ አውጥቼ እውጣታለሁ። ለአንቺ ብዬ መታመም እንኳ አልተፈቀደልኝም። አመሻሽ ላይ ካህኑ ዳሌዬን አይተው ቅጠሉን አስነክተውኝ ሲያልፉ፣ ያን ዕለት መኪና ውስጥ ለምን ዝም እንዳልሽ ይገባኛል። አሁንም ገብቶኛል።

አልረሳሽም የሺዬ። ለእኔስ ሽንቴ ይመሰክርልኛል። ለአንቺ ግን ሳጥኑ አልተናገረም፣ ፋይልሽም የት እንዳለ አይታወቅም፣ እትዬ ብርነሽም ሩቅ ናቸው። የቀረሁልሽ እኔ ነኝ። ያንን ጥያቄ በየጊዜው ደግመን እንጠይቅሃለን ብለውኛል። ይጠይቁኝ። እስካለሁ ድረስ፣ በጠየቁኝ ቁጥር፣ ከቤታችን መድኃኒት የሸጠ ሰው የለም እላቸዋለሁ።

ሹፌርሽ